ጨለማ ያሳደገው መቻል

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከዚያ ልጀምር። ቡችላውን ማገዶ ቤት አስገብቼ የቆለፍኩበት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። የመከረኝ ግን ሰፈሩ ሁሉ ነበር። «ሰው እያየ ካደገማ ምን ውሻ ይሆናል? ጭራውን እየቆላ ሌባውን ከበር ይቀበልልሃል» አሉኝ። እኛ አካባቢ ውሻ ያሳደገ ሰው ይህቺን ምክር ያውቃታል። ቡችላውን ጨለማ ቤት ዝጋበት፣ ከሚያበላው ሰው በቀር ማንንም አይይ፣ ሲያድግ ነብር ይወጣዋል ይባላል።

ነብር አልወጣውም። ምን እንደወጣው፣ ለምንስ እንደዚያ እንደሆነ ነው የምጽፍላችሁ። እድል ሆኖ አብራው የተወለደች እህት አለችው፤ እሷ ያደገችው ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ባላይ ኖሮ «ተፈጥሮው ነው» ብዬ አልፈው ነበር።

የተወለዱት ጎንደር፣ አዘዞ፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ፣ ጥቅምት 5 ቀን ነው። አምስት ነበሩ። እናታቸው ቡላ የሀገር ውሻ ናት። ግቢው ውስጥ ሦስት ላም፣ አንድ አህያና ዶሮዎች አሉ፤ የአጎቴ ልጆች ደግሞ ቡችሎቹን ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጧቸው ነው የሚውሉት። ኅዳር 10 ቀን ሁለቱን በካርቶን ይዤ በባጃጅ ወደ ሰፈራችን ማራኪ መጣሁ። ገና 35 ቀናቸው ነበር። ከእናታቸው ለመለየት ይህ ራሱ ቸኮል ያለ ነው፣ ግን ያኔ ማን ያውቃል።

አንዱ ለኔ፣ አንዱ ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወስደው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ላላቸው እትዬ ነው። እትዬ «አንተ አምጪው ስለሆንክ አንተ ምረጥ» አሉኝ። ካርቶኑን ስከፍተው አንዱ ዘሎ ወጣና የጫማዬን ክር ይጎትት ጀመር። ሌላዋ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ደፋሩን ለራሴ አስቀረሁ፣ ፈሪዋን ለሳቸው ሰጠሁ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የኔን እናቴ መቻል አለችው። የሳቸው ደግሞ፣ ያው እንደ ሀገር ምድሩ ውሻ፣ ቡቺ ተባለች።

ማገዶ ቤታችን ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የምትሆን የቆርቆሮ ክፍል ናት። መስኮት የላትም። ብርሃን የሚገባው በምስማር ቀዳዳዎች ብቻ ነው። እናቴ ጠዋትና ማታ በጣሳ ምግብ ታስገባለታለች። እኔ እሑድ እሑድ ገብቼ አጸዳለሁ። ከሁለታችን ሌላ ሰው አላየም። ከግድግዳው ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። የካቲት 30 ቀን በሩን ስከፍትለት 110 ቀን ተዘግቶበት ነበር። አምስት ወር ሊሞላው 5 ቀን ቀርቶታል።

ቡቺ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሻይ ቤቱ በር ላይ፣ አግዳሚው ሥር ነው ያደገችው። ባጃጅ፣ ሊስትሮ፣ ጭድ የጫነ አህያ፣ ባለ ጃንጥላ ቄስ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ፣ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ደንበኛ፤ ሁሉም በላይዋ ሲመላለስ ይውላል። አንዳንዱ ዳቦ ይጥልላታል፣ አንዳንዱ በእግሩ ገፋ ያደርጋታል። የከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ ታቦታቱ ወደ መዋኛው ሲወርዱ የ95 ቀን ቡችላ ነበረች። ያን ሕዝብ፣ ያን ከበሮና እልልታ፣ ያን ሁሉ ጃንጥላ አግዳሚ ሥር ሆና አየችው። እትዬ እንደነገሩኝ መጀመሪያ ስትንቀጠቀጥ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ግን የሰው ነጠላ ጫፍ እየጎተተች ስትጫወት አገኟት።

አሁን መቻልን ያስወጣሁበትን ቀን ልንገራችሁ። ሰፈሩ ነብር ሊያይ ተሰብስቧል ማለት ይቻላል። እኔም ልቤ አብጦ፣ ወፍራም ገመድ ገዝቼ፣ በሩን ከፈትኩት። አልወጣም። ጠራሁት፣ አልወጣም። ግንድ ክምሩ ጀርባ ገብቶ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጎረቤቱ ተሰላችቶ ሄደ። ደፉን የተሻገረው በሦስተኛው ቀን፣ ያውም ማታ ጨለም ሲል፣ እናቴ ጣሳውን ውጭ ቆማ ስታንኳኳለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚፈራውን ነገር መቁጠር ጀመርኩ፣ ቆጥሬም አልጨረስኩም። ነፋስ የሚያንከባልለው ፌስታል ያስፈራዋል። ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ ያስፈራዋል፣ በተለይ ሲውለበለብ። ዱላ የያዘ ሰው፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው፣ የሚሮጥ ልጅ ያስፈራዋል። የጥቁር ጃንጥላውን ነገርማ አታንሱት፤ ሲዘረጋ ያየ ጊዜ ሽንቱን ለቀቀ። በረንዳችን ላይ አራት የድንጋይ ደረጃ አለች፤ እሷን መውረድ አያውቅም። እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ግራ ገብቶት ከላይ ቆሞ ያላዝናል። ውሻ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

የገረመኝ ግን የማይፈራው ነገር ነበር። ወፍጮው ሞተሩን ሲያስነሳ እንግዳ ሰው ሁሉ ይደነግጣል፤ መቻል ጆሮውን እንኳ አያቆምም፣ ይተኛል። ሌሊት በድምፅ ማጉያ ቅዳሴ ሲሰማ ምንም አይመስለው። የባጃጅ ድምፅ አጥር ጀርባ ሲያልፍ ግድ የለውም፤ በሩ ክፍት ሆኖ ባጃጇን ራሷን ካያት ግን ብን ብሎ ማገዶ ቤት ይገባል። ነገሩን አስተዋላችሁ? ቆርቆሮው ድምፅ ያስገባል፣ መልክ አያስገባም። ጆሮው ከሞላ ጎደል የሰፈር ልጅ ሆኖ አድጓል። ዓይኑ ግን ገና ትናንት ነው የተወለደው።

ሌላም አለ። አንድ ቀን የጎረቤት ላም በበራችን ስታልፍ መቻል ቀስ ብሎ ሄዶ አፍንጫዋን አሸተተና ጭራውን ቆላ። እናቴ «እሰይ! ይቺን እንኳ አልፈራም» አለች። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። አሁን ግን አዘዞ፣ ያቺ 35 ቀን፣ የአጎቴ ላሞች ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

በሚያዝያ ሌባ ገባብን። ሁለት ጀሪካን፣ ገመድ ላይ ያደረ ሱሪዬንና የእናቴን ጎላ ድስት ይዞ ሄደ። ጠዋት መቻልን ስንፈልገው ግንድ ክምሩ ጀርባ ተሸጉጦ አገኘነው። አልጮኸም። አንድ ጎረቤታችን መጥቶ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና «እኔን የገረመኝስ ውሻውን ሳይወስደው መሄዱ ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሳቁ ግን በግንቦት አበቃ። የእህቴ ልጅ፣ 9 ዓመቱ ነው፣ ሊጠይቀን መጥቶ ግቢው ውስጥ ኳስ እያንከባለለ ነበር። መቻል ጥግ ይዞ ጆሮውን አስተኝቶ፣ ጭራውን እግሩ መሃል ወሽቆ ያየዋል። ልጁ ዞር ሲል ከኋላው ሮጦ ባቱን ነከሰውና ተመልሶ ሸሸ። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጠብነው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ተጀመረለት። ውሻውን ደግሞ 10 ቀን አስረን እንድንከታተል ነገሩን። መቻል ክትባት አልነበረውም። ይህም የኔ ጥፋት ነው፣ ከመጀመሪያው ጥፋት አያንስም። 10 ቀኑ በሰላም አለፈ፣ እህቴ ግን እስካሁን ፊቷ አልተፈታልኝም። አልፈርድባትም።

ሰፈሩ ውስጥ «በል እንግዲህ ኃይለኛ ወጣልህ» ያሉኝ ነበሩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረ የእንስሳት ሐኪም ጓደኛ አለኝ፤ እሱ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ካየው በኋላ «ይሄ ኃይለኛ አይደለም፣ ይሄ የጨነቀው ውሻ ነው» አለኝ። ኃይለኛ ውሻ ፊት ለፊት ቆሞ ይጮኽብሃል፣ ሂድ ይልሃል፣ ከሄድክለት ይተውሃል። የፈራ ውሻ ዝም ብሎ ይቆይና ጀርባህን ስትሰጠው ይነክስሃል። ከዚያ ጠየቀኝ፤ ከስንት ቀኑ እስከ ስንት ቀኑ ነው የተዘጋበት? ስነግረው ጭንቅላቱን ያዘ።

የሱ ማብራሪያ በአጭሩ ይህ ነው። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው፣ ጆሮው የሚከፈተው ወደ ሦስተኛው ሳምንት ላይ። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ 14ኛው ሳምንት ድረስ በር ክፍት ነው። በዚያ ጊዜ ያየውን፣ የሰማውን፣ ያሸተተውን ሁሉ «ይህ የኔ ዓለም ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር ሁሉ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ነገር ደግሞ እስኪጣራ ድረስ ጠላት ነው። ዱር ላደገ እንስሳ ይህ ብልህነት ነው፤ አራት ወር ሞልቶት አይቶት የማያውቀውን ነገር የሚጠጋ ቡችላ ብዙ አይቆይም። እኔ መቻልን ከዚህ ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ሰጥቼ ሌላውን በሙሉ ቆለፍኩበት።

ይህን ጉዳይ ሰዎች ሆን ብለው ሞክረውታል። በፈረንጆች 1961 የታተመ ጥናት አለ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው)፤ አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በምትባል ከተማ ባለው የጃክሰን ላቦራቶሪ የተሠራ ነው። ቡችሎቹን በአጥር በተከለለ ሰፊ ሜዳ ከእናታቸው ጋር ትተው ሰው ሳያዩ አሳደጓቸው። አንዳንዶቹን በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 ወይም በ9 ሳምንታቸው ለአንድ ሳምንት ብቻ አውጥተው ከሰው ጋር አዋሏቸው። ጥቂቶቹን ግን እስከ 14 ሳምንት አልነኳቸውም። እነዚያ ያልተነኩት እንደ ዱር አውሬ ሆኑ። አንዱን ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በየቀኑ ቢደባብሱትም የተለወጠው ጥቂት ነው። ልብ በሉ፣ እነዚያ ቡችሎች ፀሐይ፣ ሣርና ወንድም እህት ነበራቸው። የኔው ያንንም አላገኘም።

አንድ ሳምንት ብቻ! እኔ እሑድ እሑድ ላጸዳ ስገባ ቢያንስ ትንሽ ባወጣው ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጓደኛዬን «ዓይኑ ታሞ ይሆን እንዴ?» ብዬ ጠይቄው ነበር፣ ጃንጥላውን እንደዚያ ሲፈራ ሳይ። የሁበልንና የዊዝልን ድመቶች የነገረኝ ያኔ ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች የድመት ግልገል አንድ ዓይን ሰፍተው በመጀመሪያዎቹ ወራት ዘጉት። በኋላ ሲከፍቱት ዓይኑ ራሱ ጤነኛ ነው፣ ድመቷ ግን በዚያ ዓይን አታይም። አንጎሏ ውስጥ የዚያ ዓይን መሆን የነበረበትን ቦታ ክፍት የነበረው ዓይን ወስዶታል። ያደገ ድመት ዓይን ለዚያው ያህል ጊዜ ቢዘጋ ግን ምንም አይሆንም። በዚህ ሥራቸው በ1981 ከሌላ ተመራማሪ ጋር ኖቤል አግኝተዋል። ጓደኛዬ «የመቻል ዓይን ያያል፣ ግን ያየው ነገር ምን እንደሆነ የሚነግረው የለም» አለኝ። ሙሉ በሙሉ አንድ ነገር አይደለም፤ መቻል ዕውር አልሆነም። ሐሳቡ ግን ገባኝ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ራሴም ብዙ ያልገባኝ ነገር ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ መቻል አፍንጫውን ወደ ከሰል ማንደጃው አስጠግቶ ተቃጠለ። ጮኸ፣ ሸሸ። በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ እዚያው ላይ አስጠጋ። ሦስት ጊዜ ነው የተቃጠለው። ቡቺ እሳት ላይ አንድ ጊዜ ተለብልባ ዳግመኛ አልደረሰችበትም። ይህን ደደብነት ብዬ ነበር የያዝኩት። በኋላ ነው በ1957 የወጣውን የሁለት ተመራማሪዎች፣ የሜልዛክና የስኮትን ሥራ የሰማሁት። ካናዳ ውስጥ የስኮትላንድ ዝርያ ትናንሽ ውሾችን ከሰውና ከሌላ ውሻ ለይተው በጎጆ ሣጥን ውስጥ አሳደጓቸው። አድገው ሲወጡ የሚነድ ክብሪት ላይ አፍንጫቸውን ያስገቡ ነበር፣ ከተቃጠሉም በኋላ ይመለሱ ነበር። ሕመም ራሱ ከየት እንደመጣ ማወቅ በልጅነት የሚለመድ ነገር ነው ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን ዝናቡ ነው። ቡችሎቹ ሲወለዱ ክረምቱ አልቆ ነበር፤ መቻል የተዘጋበት ጊዜ በሙሉ በጋ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዶፍ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰምተው አያውቁም። በዚህ ነገር ቡቺ ከመቻል አትሻልም። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል ቡቺ አግዳሚ ሥር ገብታ ተንቀጠቀጠች። በሁለተኛው ቀን ገብታ ተኛች፣ ጆሮዋ ብቻ ቆሟል። በሦስተኛው ቀን አንኮራፋች አሉኝ እትዬ። መቻል ግን ክረምቱን በሙሉ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ከግድግዳው ሥር አፈሩን እየቆፈረ ጥፍሩን አደማ። በነሐሴም እንደ ሰኔው ነበር።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት ይህን ነው። ቡቺ ጃንጥላን፣ ባጃጅን፣ ፈረንጅን ማወቋ ብቻ አይደለም። በዚያች በር ላይ በቀን ሃምሳ ጊዜ ደንግጣ ሃምሳ ጊዜ ምንም አልሆነችም። አዲስ ነገር ይመጣል፣ ያስደነግጣል፣ ያልፋል። ይህን ነው የተማረችው። መቻል ያንን «ያልፋል» የሚለውን ክፍል የሚያገኝበት ቦታ አልነበረውም። የደነገጠ ዕለት የሚያውቀው መሸሽና መንከስ ብቻ ነው።

የሚከራከረኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ሁለት ውሻ ጥናት አይሆንም፤ ልክ ነው። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ናት። ቡቺ ሻይ ቤት ስላለች የተሻለ ትበላለች። የዘር ነገርም አለ፣ ከአንድ ሆድ ወጥተውም አንዱ ደፋር አንዱ ፈሪ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ካርቶኗን ያዙልኝ ያልኳችሁ። ዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈሪ መሆን የነበረባት ቡቺ ናት። የጫማዬን ክር የጎተተው መቻል ነበር።

የማስተካከሉን ሥራ የጀመርነው በሐምሌ ነው። ጓደኛዬ ሁለት ነገር ከለከለኝ፤ በገመድ ጎትቶ ወደሚፈራው ነገር ማቅረብንና ሲፈራ መቆጣትን። የቀረው ትዕግሥትና የሥጋ ቁርጥራጭ ነው። የታጠፈውን ጃንጥላ ከግቢው ማዶ መሬት ላይ አስቀምጠን መቻልን እዚህ ማዶ እናበላዋለን። ካልበላ በጣም ቀርበናል ማለት ነው፣ እናርቀዋለን። በሳምንት አንድ እርምጃ። ጃንጥላው ተዘርግቶ እሱ ቆሞ የበላው በኅዳር ነው፤ አራት ወር ለአንድ ጃንጥላ! እናቴ «ሰው ዲግሪ ይይዝበታል» ትላለች።

ደረጃው ግን በአራት ቀን አለቀ። ይህም ምክንያት አለው መሰለኝ። በ1963 ሄልድና ሄይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ድመቶችን ጥንድ ጥንድ አድርገው አንዷ እየተራመደች ሌላዋን በቅርጫት እንድታዞራት አደረጉ። ሁለቱም ያዩት አንድ ነው፣ በእግሯ ሄዳ ያየችው ግን አንዷ ብቻ ናት። ቅርጫት ውስጥ የነበረችው ርቀትና ገደል መለየት አልቻለችም። ሲለቋት ግን በሁለት ቀን ገደማ ተስተካከለች። እግርና ዓይን ማስማማት በቶሎ የሚጠገን ነገር ይመስላል። ፍርሃት ነው ያልተጠገነው።

ከሥጋው ይልቅ የረዳችን ቡቺ ናት። እሑድ እሑድ እትዬ ይዘዋት መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ቀን ሲተያዩ ተሸታተው ወዲያው መጫወት ጀመሩ፣ የቆየ ነገር ያለ ይመስል። መስከረም ላይ ከግቢው በር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እሷን ተከትሎ ነው። እኔ ሁለት ወር በሥጋ ያላስወጣሁትን እሷ ጭራዋን ቆልታ አስወጣችው። አንድ ነገር ሲያስደነግጠው መጀመሪያ እሷን ያያል። እሷ ካልሸሸች እሱም ይቆማል።

አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል። ክትባቱን በየዓመቱ ይወስዳል። ስድስት ሰው ያውቃል። ነጠላና ፌስታል አይፈራም። ዝናብ ሲጥል አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ መቆፈሩን ግን ትቷል። እንግዳ ሰው አልለመደም፣ የሚለምድም አይመስለኝም። ልጆች ሲመጡ አስረዋለሁ፣ በዚህ ቀልድ የለም። ከዚያች ከግንቦቷ ቀን ወዲህ ማንንም አልነከሰም። ሌባ ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ አልጠይቀውም። እትዬ ግን ሻይ ቤታቸውን ለቡቺ ትተው ነው የሚተኙት፤ ደንበኛን ከማታ መጤ ትለያለች፣ ጩኸቷም ሁለት ዓይነት ነው።

ባለፈው ወር ያ በሌባው ቀን የቀለደብኝ ጎረቤት የ6 ሳምንት ቡችላ በፌስታል ይዞ መጣ። «ማገዶ ቤቷን ለጥቂት ወር ታበድረኛለህ?» አለኝ። በሩን ነቅዬ ከጣልኩት ቆየሁ፣ ዶሮ ነው ያለበት አልኩት። ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ ና ብዬው ቡችላውን ይዘን እትዬ ዘንድ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ቡችላውን አግዳሚው ሥር ቡቺ ጎን አስቀመጥነው። አንድ ባጃጅ በአጠገባችን ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ። ቡችላው ብድግ ብሎ ወደ ቡቺ አየ። ቡቺ አንገቷን እንኳ አላነሳችም።